ግማሽ ስፖንጅ

ሐዋሳ፤ ቅዳሜ ከሰዓት። ወይዘሮ አስካለ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ሳህን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው፣ የባላቸው የአቶ ሸዋንግዛው ልጅ ረድኤት ብቻዋን በምትኖርበት ቤት፣ የሟች እናቷ የዓሣ ገንዳ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል።

አስካለ፦ ግማሹን ነው እኮ የምልሽ። በመቀስ ቁርጥ፣ ሳህኑ ላይ ጣል፤ እኔም ተነስቼ እሄዳለሁ።

ረድኤት፦ ግማሹስ ቢሆን የማን ነው፣ እትዬ አስካለ?

አስካለ፦ ስፖንጅ ባለቤት አለው እንዴ? ቆሻሻ ሲጠጣ የኖረ ስፖንጅ ነው። ወርቅሽን አልጠየቅኩሽም።

ረድኤት፦ ወርቅ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ወርቅ ከገበያ ይተካል።

አስካለ፦ ስፖንጅስ ከገበያ አይተካም?

ረድኤት፦ ከገበያ ገዝተው አይደል እኔ ቤት የመጡት?

አስካለ፦ እሺ፣ ረታሽኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ልብስ ስሰፋ እንደ ምላስሽ ያለ መርፌ አላጋጠመኝም።

ረድኤት፦ ሻይ ላፍላልዎት?

አስካለ፦ ሻዩ ይቆይ። እምቢ ማለት ስትፈልጊ ሻይ ታፈያለሽ፤ አባትሽ ነግሮኛል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል፣ አንቺ ደግሞ በሻይ።

ረድኤት፦ አባቴ ስለኔ ብዙ ያወራልዎታል ማለት ነው።

አስካለ፦ ስላንቺ ያወራል። ስለዚህ ገንዳ ግን አንድ ቃል አይወጣውም።

ረድኤት፦ የርስዎ ገንዳ ምን ሆነ? ከአዲስ አበባ በመኪና ተጭኖ መጣ ሲባል ሰምቼ ነበር።

አስካለ፦ መጣ። ከዚህ ይበልጣል፣ እንዳትጨነቂ።

ረድኤት፦ አልተጨነቅኩም። ዓሦቹስ?

አስካለ፦ ሞቱ።

ረድኤት፦ ሁሉም?

አስካለ፦ አንዱ ትንሽ ታገለ።

ረድኤት፦ በገዟቸው ቀን አስገቧቸዋ።

አስካለ፦ የት ላሳድራቸው ነበር፣ አልጋ ላንጥፍላቸው? ጠጠሩን አጥቤ አነጠፍኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ማጣሪያውን ሰካሁ፣ ለቀቅኳቸው። ውሃው ጉድፍ የለበትም ነበር። ጎረቤት ሁሉ መጥቶ አደነቀ።

ረድኤት፦ የገደላቸው እሱ ነው።

አስካለ፦ የጎረቤት ዓይን?

ረድኤት፦ ንጽሕናው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ። አዲስ ገንዳ ማለት ገና ሰው ያልገባበት ቤት ነው። ዓሣው ይበላል፣ ይሸናል፤ ሽንቱ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ደግሞ መርዝ ነው። ያን መርዝ የሚበሉ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። እነሱ ቀድመው ካልገቡ ዓሣ አይገባም።

አስካለ፦ ከየት ነው የሚገቡት?

ረድኤት፦ በራሳቸው ይመጣሉ፣ ግን ብዙ ሳምንት ይፈጃል። አለዚያ ከቆየ ገንዳ ስፖንጅ ተቆርጦ አዲሱ ውስጥ ይገባል።

አስካለ፦ እኮ። እኔስ ሌላ ምን አልኩ?

ረድኤት፦ ማጣሪያው ውስጥ ምን ምን ከተቱ?

አስካለ፦ ሻጩ የሰጠኝን ሁሉ። ስፖንጅ፣ ቀለበት ቀለበት የመሰለ ሸክላ፣ በከረጢት የታሰረ ከሰል፣ ነጭ ጥጥ።

ረድኤት፦ ሱቁን ሸጠልዎታል በሉኛ።

አስካለ፦ የቱ ይሻላል ብለው "ለባለቤትሽ ከሆነ አትሰስቺ" አለኝ። ደካማ ጎኔን አገኘው።

ረድኤት፦ ከሰሉ ቀለምና ሽታ ይመጥጣል፤ ሲጠግብ ይጣላል። ጥጡ ጉድፍ ይይዛል፤ እሱም ይጣላል። ባክቴሪያዎቹ ቤቴ የሚሉት ስፖንጁንና ሸክላውን ነው፣ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ። እነዚያ አይጣሉም። በጣም ሲቆሽሹ ከራሱ ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ጨመቅ ማድረግ ነው። የቧንቧ ውሃ ካገኛቸው ክሎሪኑ ይፈጃቸዋል።

አስካለ፦ በየቀኑ የምንጠጣው የቧንቧ ውሃ?

ረድኤት፦ አንድ እጥበት ይበቃል። እማዬ ስፖንጅ በቧንቧ ከማጠብ ዓሣውን በጫማ መርገጥ ይሻላል ትል ነበር።

አስካለ፦ ነፍሷን ይማር። እኔማ አንቺ የፋርማሲ ትምህርትሽን የምታወሪ መስሎኝ ነበር።

ረድኤት፦ ከእማዬ ነው የተማርኩት። ዩኒቨርሲቲ ስሙን ብቻ ነው የነገረኝ።

አስካለ፦ የተባረከች ሴት ነበረች ይላሉ። ሁሉም ይለኛል። ጨው ልገዛ ብሄድ ባለሱቁ ይለኛል።

ረድኤት፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ዓሣ ይወዳሉ?

አስካለ፦ ጥብሱን።

ረድኤት፦ ታዲያ?

አስካለ፦ ሐይቁ እዚህ ተዘርግቶ ዓሣ በመስታወት የሚያሳድግ ሰው እብድ ይመስለኝ ነበር። አሁንም ይመስለኛል።

ረድኤት፦ እማዬ እብድ አልነበረችም።

አስካለ፦ ራሴን ነው።

ረድኤት፦ ታዲያ ገንዳው ለምን አስፈለገዎት?

አስካለ፦ ታውቂያለሽ።

ረድኤት፦ አላውቅም።

አስካለ፦ ረድኤት፣ እኔና አንቺ ገና አልተላመድንም፣ ሞኞች ግን አይደለንም። አባትሽ ሱቁን ዘግቶ ወዴት ነው የሚሄደው?

ረድኤት፦ ወደ ቤቱ።

አስካለ፦ ወደ የትኛው ቤቱ?

ረድኤት፦ እሱን እኔን አይጠይቁኝ።

አስካለ፦ አንቺን ነው የምጠይቀው። ራቱን ሠርቼ እጠብቃለሁ። ይመጣል፤ እጅጌው እስከ ክርኑ እርጥብ ነው። "ውሃ ስቀይር ነው" ይለኛል። ይበላል፣ ያመሰግነኛል፣ ይተኛል። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። ግን ወሬው ሁሉ እዚህ አልቆ ነው የሚመጣው።

ረድኤት፦ እዚህም ብዙ አያወራም።

አስካለ፦ ዝም የሚለውም እዚህ ነው። ዝምታው ራሱ አይደርሰኝም።

ረድኤት፦ በዚህ ይቀናሉ?

አስካለ፦ እቀናለሁ። ለምን እዋሽሻለሁ? በሕይወት ካለች ጣውንት ጋር ሰው ይጣላል፣ ፀጉር ይጓተታል፣ ይታረቃል። ከሙት ጋር በምኗ ልጓተት? ባሏን አልነጠቅኳትም፤ ሙት ዓመቷ አልፎ፣ ሽማግሌ ልኮ ነው ያገባኝ። እሷ ግን ዛሬም ማታ ማታ መጥታ ትወስድብኛለች።

ረድኤት፦ እማዬን ይተዉልኝ።

አስካለ፦ እሷ ትተወኝ እንጂ።

ረድኤት፦ እንግዲህ ገንዳ ቤትዎ ካለ አባቴ እዚያው ይቀራል ብለው ነው።

አስካለ፦ ማየት የሚፈልገው ዓሣ ከሆነ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያያል። ዓሣ ካልሆነም ያን ጊዜ ቁርጤን አውቃለሁ።

ረድኤት፦ እኔስ?

አስካለ፦ አንቺ ምን?

ረድኤት፦ ምንም።

አስካለ፦ አይ፣ አውጪው። ታፍኖ የቆየ ነገር ይሸታል።

ረድኤት፦ እርስዎ ጋ ያድራል፣ እርስዎ ጋ ይነጋለታል። ፋሲካን እርስዎ ጋ ዋለ። ሸሚዙን አይቼዋለሁ፤ በእማዬ ጊዜ ትከሻው ላይ ሁልጊዜ ይሰፋው ነበር፣ እርስዎ ከሰፉለት ወዲህ ልክክ ብሎለታል። ሰው ሁሉ "አባትሽ አማረበት" ይለኛል። እኔ ጋ የቀረው ይቺ ማታ ማታ ያለችው ነች፤ እሷንም ፊቱን ወደ መስታወቱ አዙሮ ነው። ያቺንም ቆርጠው ሊወስዱ ሳህን ይዘው መጡ። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል፤ እኔ ሞኝ አይደለሁም።

አስካለ፦ በሸሚዙም ቀናሽብኝ?

ረድኤት፦ በሸሚዙም።

አስካለ፦ አሁን ገና ሰው ለሰው ተነጋገርን።

ረድኤት፦ ተነጋገርን። መልሴ ግን እምቢ ነው።

አስካለ፦ እሱም እምቢ ብሎኛል።

ረድኤት፦ ማን?

አስካለ፦ አባትሽ። መጀመሪያ የለመንኩት እሱን ነው። "ከልጅህ ገንዳ ትንሽ ስፖንጅ አምጣልኝ" ብለው ምን አለኝ መሰለሽ? "ከዚያ የሚወሰድ ነገር የለም።" ይህችን ብቻ። ጫማውን አድርጎ ወጣ።

ረድኤት፦ እንዲህ አለ?

አስካለ፦ ደስ አለሽ።

ረድኤት፦ አልዋሽም፤ ደስ ብሎኛል።

አስካለ፦ ይበልሽ። እኔ ይህችን ቃል ስፈታት ስቋጥራት ከረምኩ። የሷ ነገር እኔ ቤት አይገባም ማለቱ ነው ብዬ አዘንኩ።

ረድኤት፦ ማለቱ ነዋ። ይሄ ስፖንጅ የእማዬ ነው። በእጇ ጨምቃ የመለሰችው፣ ውስጡ ያሉትም እሷ ያራባቻቸው ናቸው። አንዱ ሲሞት ሌላው እየተካ እስከ ዛሬ አለ። ልብሷን ሰጠን፣ አልጋዋን አወጣን፤ ከሷ የሚተነፍስ ነገር የቀረኝ ይሄ ነው። ለማንም አልቆርጠውም።

አስካለ፦ እንዲህ ከሆነ ይቅር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ፤ እኔ ደግሞ አልናቅኩሽም። በይ ሻይሽን አፍዪው።

ረድኤት፦ እሺ። ስኳር ስንት ላድርግ?

አስካለ፦ ቆይ። እነዚህ ዓሦች ምን ሆነው ነው?

ረድኤት፦ ምን ሆኑ?

አስካለ፦ ሁሉም ላይ ላዩን ተሰብስበው አፋቸውን ይከፍታሉ።

ረድኤት፦ ርቧቸው ነው።

አስካለ፦ ምግቡ አፍንጫቸው ሥር ተንሳፍፎ? የኔዎቹም ሊሞቱ ሲሉ እንዲሁ ነበር ያደረጋቸው። ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰላምታ ስመጣ ከዚህ ይበዙ ነበር።

ረድኤት፦ ውሃው ነው። ዘንድሮ ውሃው ጥሩ አይደለም።

አስካለ፦ ለዚህ ነዋ የሚመላለሰው። እስኪ ይሄን ክዳን ...

ረድኤት፦ እትዬ አስካለ፣ ማጣሪያውን አይንኩት።

አስካለ፦ አልሰርቅሽም። ልኩን ልየው ነው፤ ሌላ ቦታ ባገኝ እንዳልሳሳት።

ረድኤት፦ አይንኩት አልኩ እኮ።

አስካለ፦ ረድኤት።

ረድኤት፦ ይመልሱት።

አስካለ፦ ይሄ ነጭ ነው። እንደ ታጠበ ነጠላ ነው የነጣው። የኔ እንኳ ከሱቅ ሲወጣ እንዲህ አልነበረም።

ረድኤት፦ ይመልሱት፣ እባክዎን።

አስካለ፦ ሽታውም የቧንቧ ነው። አሁን እዚሁ ተቀምጠሽ "አንድ እጥበት ይበቃል" አላልሽኝም?

ረድኤት፦ ብያለሁ።

አስካለ፦ ሳታውቂ ነው እንዳልል ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ማነው ያጠበው?

ረድኤት፦ እኔ ነኝ።

አስካለ፦ ለምን?

ረድኤት፦ ውሃው ሲበላሽ ይመጣል።

አስካለ፦ ማን? ... አሃ።

ረድኤት፦ ሲጠራ ይቀራል። እርስዎን ካገባ በኋላ ውሃው ጠርቶ ሰነበተ፤ እሱም ብቅ ሳይል ሰነበተ። አንድ ቀን ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ፣ ምን ችግር አለው ብዬ በቧንቧ አጠብኩት። ውሃው ደፈረሰ፣ ዓሦቹ ታመሙ። ደወልኩለት። ሱቁን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ከዚያ ወዲህ እያወቅኩ ነው የማጥበው።

አስካለ፦ "አባዬ ናፈቅከኝ" ብለሽ ብትደውዪለትስ?

ረድኤት፦ እኛ ቤት እንዲህ ተብሎ አይደወልም። የሚደወለው የተበላሸ ነገር ሲኖር ነው።

አስካለ፦ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። የእናትሽ የሚተነፍስ ነገር ያልሽኝን ...

ረድኤት፦ አይጨርሱት። አውቃለሁ።

አስካለ፦ አልጨርሰውም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። እሱ ሲመጣ ይሄን ማጣሪያ ይከፍተዋል?

ረድኤት፦ መጀመሪያ የሚከፍተው እሱን ነው።

አስካለ፦ መንጣቱን ያያል ማለት ነው።

ረድኤት፦ "ውሃው ነው" እለዋለሁ። ዝም ይላል።

አስካለ፦ ከእናትሽ ጋር ያን ሁሉ ዓመት ባልዲ ሲያመላልስ የኖረ ሰው፣ የቧንቧ ውሃ ምን እንደሚሠራ ጠፍቶት ነው?

ረድኤት፦ እኔ እንጃ።

አስካለ፦ አልጠፋውም። "የሚወሰድ ነገር የለም" ያለኝ ለዚህ ነው፤ የሌለ ስፖንጅ ከየት ያምጣልኝ? እኔ ለሷ ሲቆረቆር መሰለኝ። ለካስ አንቺን ሲሸፍን ነው። ለሚስቱ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይሉ የለ፤ ጎርጉሬ አወጣሁ። በሙቷ ስቀና ከረምኩ፤ መቅናት የነበረብኝ ባንቺ ነው።

ረድኤት፦ እያወቀ ነው የሚመጣው?

አስካለ፦ እያወቀ ባልዲ ተሸክሞ።

ረድኤት፦ አንድ ቀን እንኳ አልገሠጸኝም።

አስካለ፦ ቢገሥጽሽ ታቆሚያለሻ። ያኔ እሱስ በምን ሰበብ ይምጣ? አባትና ልጅ አንድ ናችሁ። በይ ልሂድ፣ ሻዩን ተዪው። ይሄንን ብስባሽ ይዤ ከተማ ለከተማ መዋሌ ነው የሚያናድደኝ። የት ልጣለው?

ረድኤት፦ ምኑን?

አስካለ፦ የኔን ስፖንጅ። ሳህኑ ውስጥ ነው። ለልክ ነው ያመጣሁት፤ ልብስ የሚያሰፋ ሰው አሮጌውን ይዞ እንደሚመጣው። እይው እስኪ፤ ቡናማ ሆኖ እንደ አተላ ይለጠፋል። በረኪና ውስጥ ልዘፈዝፈው ብዬ ነበር።

ረድኤት፦ ሽታው እንዴት ነው?

አስካለ፦ መሬት መሬት ይላል። ዝናብ የነካው አፈር።

ረድኤት፦ ዓሦቹ ከሞቱ በኋላ ማጣሪያውን አልነቀሉትም?

አስካለ፦ አልነቀልኩትም። አባትሽ ሲገባ ቤቱ ጭር ብሎ እንዳያገኘው ብዬ። ምግቡንም ጠዋት ጠዋት ቆንጠር አድርጌ እጥላለሁ።

ረድኤት፦ ዓሣ ሳይኖር?

አስካለ፦ ሳቂብኝ። ልጅ አልወለድኩም፤ ተነስቼ የማበላው ነገር ኖሮኝ አያውቅም። ለእነዚያ ዓሦች ጥቂት ቀን ስሰጥ እጄ ለመደብኝ።

ረድኤት፦ አልሳቅኩም። ውሃውስ ምን ሆነ?

አስካለ፦ መጀመሪያ ወተት መሰለ፣ ከዚያ ገማ። ተስፋ ቆረጥኩ። አሁን ጠርቷል፣ ግን ጥራት ምን ያደርጋል፣ ስፖንጁ በስብሶ። የት ልጣለው ነው የምልሽ?

ረድኤት፦ ... ከበሩ ውጪ በርሜል አለ። በስተግራ።

አስካለ፦ እሺ። ደኅና ዋዪ ልጄ። ያየሁትን ለአባትሽ አልነግረውም። እሱ ከደበቀኝ እኔም እደብቀዋለሁ።

ረድኤት፦ ደኅና ይዋሉ።

አስካለ፦ ይሄ በራችሁ ወዴት ነው የሚጎተተው?

ረድኤት፦ እትዬ አስካለ። ይመለሱ።

አስካለ፦ ምን ረሳሁ?

ረድኤት፦ አይጣሉት። አልበሰበሰም።

አስካለ፦ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?

ረድኤት፦ በሕይወት ያለው እሱ ነው። የጣሉት ምግብ ፈርሶ አሞኒያ ሆነ፤ አሞኒያውን የሚበሉት መጡ፤ ወተት የመሰለው ውሃ ጠራ። ሳያውቁት ባክቴሪያ ሲቀልቡ ነው የከረሙት። ገንዳዎ ደርሷል። ጥቂት ጥቂት ዓሣ ቢያስገቡ አይሞትም።

አስካለ፦ ደርሷል? የኔ?

ረድኤት፦ የኔን ሊለምኑ መጡ፤ የኔ ሙት ነው። የርስዎ ነው ሕያው።

አስካለ፦ አንቺ ግን በርሜሉን አሳየሽኝ።

ረድኤት፦ አሳየሁዎት።

አስካለ፦ ወርውሬው ቢሆን ገንዳዬ ባዶውን ይቀር ነበር። አባትሽም እዚሁ ይመላለስልሽ ነበር።

ረድኤት፦ ነበር።

አስካለ፦ ለምን ጠራሽኝ?

ረድኤት፦ ያንን ትልቁን ያዩታል፣ ጭራው የተቀደደውን? እማዬ ከእጇ ታጎርሰው ነበር። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላም ስሟን ስንጠራ ወደዚያኛው ጥግ ይሄድ ነበር። እንዲህ ሆኖ አይቆይም።

አስካለ፦ እና?

ረድኤት፦ እና ግማሹን ይስጡኝ።

አስካለ፦ ድገሚው፣ ጆሮዬን ነው።

ረድኤት፦ እባክዎን፣ ግማሹን ቆርጠው ይስጡኝ። የቀረው ግማሽና ሸክላው ለርስዎ ይበቃል። ዓሣ ሲገዙ አብሬዎት እሄዳለሁ፤ የማይታመመውን እመርጥልዎታለሁ። አባቴም እዚያው ቤቱ ያያል።

አስካለ፦ እንዲህ ማለት አንቺን ምን ያህል እንደሚከብድሽ ይገባኛል።

ረድኤት፦ ከገባዎት አያቆዩኝ። መቀሱ መሳቢያው ውስጥ ነው።

አስካለ፦ መቀስ አያስፈልግም። ያዢው፣ ሙሉውን።

ረድኤት፦ ሙሉውን? የርስዎ ገንዳስ?

አስካለ፦ ሸክላው አለ አላልሽም? ቀስ ብሎ ይደርሳል። ደግሞ መታገሥ ለምጃለሁ።

ረድኤት፦ እትዬ አስካለ፣ አባቴ እኮ እንዲህ ከሆነ ወደዚህ መምጣቱን አይተውም።

አስካለ፦ ይምጣ። ከእንግዲህ እዚህ ሲያመሽ ከእናትሽ ጋር ብቻውን አይሆንም፤ ገንዳው ውስጥ የኔም አለበት።